ዕጣና ድምፅ፦ የመስክ ሙከራ ስለ መራጮች ምን አረጋገጠ?

አንድ ፓርቲ ቀስቃሾቹን በየሰፈሩ አሰማርቶ ምርጫውን ሲያሸንፍ፣ ድሉን ለቀስቃሾቹ ለመስጠት ሁሉም ይፈጥናል። ቀስቃሽ ግን እንዲሁ በጭፍን አይላክም። የሚላከው ደጋፊ ይበዛበታል፣ ነዋሪውም በሩን ይከፍታል ወደተባለው ሰፈር ነው። በሩን ከፍቶ የሚያነጋግረውም ሰው ከመጀመሪያው ለፖለቲካ ቀረብ ያለው ነው። ስለዚህ “ቀስቃሽ ያነጋገራቸው ሰዎች ካላነጋገራቸው ይልቅ በብዛት ድምፅ ሰጡ” የሚለው ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ስለ ቅስቀሳው ጉልበት ምንም ላይነግረን ይችላል።

የመስክ ሙከራ ለዚህ ችግር የሚያቀርበው መፍትሔ አጭር ነው፤ ማን እንደሚቀሰቀስና ማን እንደማይቀሰቀስ ዕጣ ይወስን። የሰዎቹ ቁጥር በቂ ከሆነ ሁለቱ ወገኖች በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በኑሮ ደረጃና በፖለቲካ ዝንባሌ ይቀራረባሉ። ከምርጫው በኋላ በመካከላቸው ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ካለ ከቅስቀሳው ሌላ ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም። ሥራው የሚካሄደውም በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእውነተኛ ምርጫ፣ በእውነተኛ መራጮች መካከል ነው።

ስልቱ በስፋት ሊሠራበት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተውበታል። አንደኛው፣ ሰው ድምፅ ለመስጠት ከቤቱ እንዲወጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ሰው የያዘውን አቋም የሚያስለውጠው ምንድን ነው? በጋዜጣም ሆነ በፖለቲከኞች አንደበት ሁለቱ እንደ አንድ ጥያቄ ሲነሡ እንሰማለን። የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ለሁለቱ እኩል አይደለም። ለመጀመሪያው የተገኘው መልስ ጠንካራ ነው፤ ለሁለተኛው የተገኘው ደካማና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ይህ ዳሰሳ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይመረምራል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

“አይቻልም” ከተባለበት ዘመን

በ1909 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎረንስ ሎውል፣ ፖለቲካ የሚስተዋል እንጂ የሚሞከር ሳይንስ እንዳልሆነ ለባልደረቦቻቸው ተናግረው ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት አብዛኛው ምሁር የተቀበለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ አስተሳሰብ ቀድሞ የወጣው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ጎስኔል ነው። በ1924ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ጊዜ 6,000 ያህል የቺካጎ ነዋሪዎችን መርጦ፣ ለከፊሎቹ እንዲመዘገቡ የሚያሳስብ ካርድ በፖስታ ላከ። ከተማዋ በስደተኞች የተሞላች ስለነበረች ካርዱ በእንግሊዝኛ ብቻ አልተዘጋጀም፤ በፖላንድኛ፣ በቼክኛና በጣሊያንኛም ታተመ። ካርዱ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይልቅ በብዛት ተመዘገቡ። ጎስኔል ውጤቱን በ1927 በመጽሐፍ አወጣው። ጉድለቱ ምደባው እውነተኛ ዕጣ አለመሆኑ ነው፤ ሰዎቹ የተከፈሉት በመኖሪያ ብሎክ ነበር። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በእርሻ ማሳ ምርምር የዕጣ ምደባን ሥርዓት ባስያዘበት መጽሐፍ የታወቀው በ1935 በመሆኑ ግን ጎስኔልን በዚህ መውቀስ አይገባም።

በ1950ዎቹ ሳሙኤል ኤልደርስቬልድ በሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በአን አርበር ከተማ ደብዳቤን፣ ስልክንና ፊት ለፊት ማነጋገርን አወዳደረ። ፊት ለፊት የተነጋገሩት በልጠው ተገኙ፤ የተሳተፉት ሰዎች ቁጥር ግን ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። ዘመኑ የመጠይቅ ጥናት ዘመን ነበርና፣ በብሔራዊ ደረጃ ሺዎችን ጠይቆ መልሱን በኮምፒውተር ማስላት የተመራማሪውን ቀልብ ሁሉ ወሰደው።

ኒው ሄቨን፣ 1998

ዝምታውን የሰበሩት የየል ዩኒቨርሲቲዎቹ አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ናቸው። በ1998ቱ የኅዳር ምርጫ 30,000 የሚሆኑ የኒው ሄቨን ከተማ የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ መደቡ። ከፊሉን ቀስቃሽ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋግረዋል፤ ከፊሉ ስልክ ይደወልለታል፤ ከፊሉ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የቀረውን ማንም አይነካውም። መልእክቱ የማንንም ፓርቲ አይደግፍም፤ ድምፅ ስጡ የሚል ብቻ ነው። በ2000 በታተመው ውጤት መሠረት ቀስቃሽ በአካል ያነጋገራቸው ሰዎች ተሳትፎ ከ8 እስከ 9 የመቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ አለ። አንድ ደብዳቤ የጨመረው ግማሽ ነጥብ ገደማ ነው። በክፍያ የተደወለው ስልክ ምንም አልጨመረም።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለማንኛውም አንባቢ የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። ቀስቃሽ እንዲያነጋግራቸው ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች መካከል በእርግጥ የተገኙት ሢሶውን ያህል እንኳ አልነበሩም፤ የቀሩት ቤት አልነበሩም ወይም በሩን አልከፈቱም። “የተመደቡት” እና “የተገኙት” የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በቀጥታ ሊነጻጸር የሚችለው በዕጣ የተመደበው ቡድን በሙሉ፣ በዕጣ ካልተመደበው ጋር ነው። የተገኙትን ብቻ ለይቶ ካልተመደቡት ጋር ማወዳደር፣ ዕጣው ያስወገደውን አድልዎ በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው። ከ8 እስከ 9 የሚለው ቁጥር የተገኘው መላው ምደባ ያመጣውን ልዩነት በተገኙት ሰዎች ድርሻ በማካፈል ነው።

ጥናቱ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በ2005 ኮሱኬ ኢማይ የምደባው አፈጻጸም እንደተነገረው አልነበረም ብሎ፣ ተመሳሳይ ሰዎችን ፈልጎ በሚያዛምድ የስሌት ዘዴ ሲሰላ ስልኩም ተሳትፎን እንደሚጨምር ተከራከረ። ገርበርና ግሪን በመረጃው አያያዝ ላይ ስሕተት እንደነበር አምነው አረሙት፤ ዋናው መደምደሚያ ግን አልተለወጠም አሉ። ክርክሩን ወደ መልስ ያቀረበው በ2002 በአዮዋና በሚሺጋን ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ መራጮች ላይ የተደረገ የስልክ ሙከራ ነው። በዕጣ ምደባው ሲሰላ የስልኩ ውጤት ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆነ። ይኸው መረጃ ዕጣው ተዘንግቶ በማዛመድ ዘዴ ሲሰላ ግን ስልኩ ትልቅ ኃይል ያለው መሰለ። ስልኩን አንሥቶ የሚያዳምጥ ሰው በዕድሜም፣ በሰፈርም፣ ቀድሞ ድምፅ በመስጠት ልማዱም ከሌላው ጋር ቢዛመድ እንኳ በመረጃው ውስጥ በማይታይ ነገር ይለያል ማለት ነው። ከሙከራ ውጭ ስለ ቅስቀሳ የሚቀርብን ስሌት በጥንቃቄ እንድናይ የሚያስገድድ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አላውቅም።

የጎረቤት ዓይን

በነሐሴ 2006 ሚሺጋን ውስጥ የፓርቲዎች የማጣሪያ ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ 20,000 ቤተሰቦች ያልተለመደ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው የቤተሰቡን አባላትና የጎረቤቶቻቸውን ስም ይዘረዝራል። ከስሙ ፊት ለፊት የነሐሴ 2004 እና የኅዳር 2004 ምርጫ ዓምዶች አሉ፤ ድምፅ የሰጠው ሰው እንደሰጠ ተጽፎለታል፣ ያልሰጠው ባዶ ነው። ሦስተኛው ዓምድ የመጪው ምርጫ ሲሆን ለሁሉም ባዶ ተትቷል። ከምርጫው በኋላ የተሟላው ሠንጠረዥ ለእነርሱም ለጎረቤቶቻቸውም እንደሚላክ ደብዳቤው ይናገራል።

ገርበር፣ ግሪንና ክሪስቶፈር ላሪመር ያካሄዱት ይህ ሙከራ በጠቅላላው 180,000 ያህል ቤተሰቦችን ያቀፈ ነበር። ምንም ካልደረሳቸው ወገኖች 29.7 በመቶው ድምፅ ሰጡ። የዜግነት ግዴታን ብቻ የሚያስታውስ ደብዳቤ የደረሳቸው 31.5 በመቶ ሆኑ። የቤተሰባቸውን መዝገብ ብቻ የሚያሳይ የደረሳቸው 34.5፣ የጎረቤትን ጭምር የሚያሳይ የደረሳቸው ደግሞ 37.8 በመቶ ደረሱ። በአንድ ወረቀት የተገኘው የ8.1 ነጥብ ጭማሪ በአካል ከማነጋገር ጋር የሚስተካከል ነው።

ይህ ሙከራ ሰው ድምፅ የሚሰጠው የግል ጥቅሙን አስልቶ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ክፉኛ ነቅንቆታል። በጥቅም ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጎረቤት ማወቅና አለማወቅ ለውጥ ባላመጣ ነበር። ዴቪድ ኒከርሰን በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ያገኘውም ወደዚያው ይጠቁማል፤ ሁለት መራጮች ባሉበት ቤት በሩን የከፈተው ሰው ሲቀሰቀስ፣ ከተፈጠረው ግፊት 60 በመቶ ያህሉ ቀስቃሹን ወዳላገኘው የቤቱ ሌላ ሰው ይተላለፋል። በ2010 በፌስቡክ 61 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተው ሙከራም ይህንኑ በሰፊው አሳየ። ድምፅ የሰጡ ጓደኞችን ፎቶ የሚያሳየው መልእክት በአንድ ሰው ላይ ያለው ውጤት እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ተመራማሪዎቹ 60,000 ያህል ሰዎችን በቀጥታ፣ 280,000 ያህሉን ደግሞ በጓደኞቻቸው በኩል ወደ ምርጫ ጣቢያ እንዳመጣ ገምተዋል።

የሚሺጋኑ ሙከራ ያስነሣው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ድምፅ መስጠትን የሚያበዛው ኀፍረት ከሆነ፣ የዚያ ዓይነቱ ተሳትፎ ምን ያህል ዋጋ አለው? ፖለቲከኞች ስልቱን ለመውሰድ አልዘገዩም። በ2016 የሴናተር ቴድ ክሩዝ የምርጫ ዘመቻ በአዮዋ “የምርጫ ጥሰት” የሚል ርእስ ያለው፣ ለመራጩና ለጎረቤቶቹ ውጤት የሚሰጥ ወረቀት ሲበትን፣ የግዛቲቱ የምርጫ ኃላፊ በይፋ አውግዘውታል።

ሐሳብ ማስለወጥ

እስካሁን የተነሡት ጥናቶች ጥንካሬያቸው ከአንድ ምንጭ ይመጣል። በአሜሪካ ማን ድምፅ እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ ሳይገለጽ፣ በይፋዊ መዝገብ ይሰፍራል። ተመራማሪው ማንንም ሳይጠይቅ መዝገቡን ከፍቶ ውጤቱን ያያል። አመለካከትን ግን የሚመዘግብ መንግሥት የለም፤ የድምፁም ምስጢር የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ሰውን መጠየቅ ግድ ይሆናል። ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰው ከማይመልሰው ይለያል፤ የሚመልሰውም ጠያቂው የሚፈልገውን ገምቶ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መካከል ላለው የጥንካሬ ልዩነት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2006 መጀመሪያ በቴክሳስ የገዥው ሪክ ፔሪ ዘመቻ ተመራማሪዎች የ2 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማስታወቂያውን በዕጣ እንዲደለድሉ ፈቀደላቸው። ማስታወቂያው የሕዝቡን ድጋፍ በእርግጥ ከፍ አደረገ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ውጤቱ ተነነ። በ2018 ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን 49 የመስክ ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በአጠቃላይ ምርጫ ወቅት የዘመቻ ቅስቀሳ በመራጩ ምርጫ ላይ ያለው አማካይ ውጤት ዜሮ ነው የሚል ግምት ላይ ደረሱ። መራጩ የእጩውን ፓርቲ ካወቀ ቀስቃሽ የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጨው የፈረንሳይ ውጤት ነው። ቪንሰንት ፖንስ በ2012 በፍራንስዋ ኦላንድ ዘመቻ ውስጥ ቀስቃሾች የሚላኩባቸውን የምርጫ ጣቢያ አካባቢዎች በዕጣ ለየ። በየጣቢያው የተቆጠረውን የድምፅ ውጤት ስለተጠቀመ ሰውን መጠየቅ አላስፈለገውም። ጉብኝቱ የተሳታፊውን ቁጥር አልጨመረም፤ የኦላንድን ድርሻ ግን ከፍ አደረገ፤ በሁለተኛው ዙር ካሸነፉበት ልዩነት ሩቡን ያህል ከጉብኝቱ የመጣ ነው ብሎ አስልቷል። የአሜሪካው ግኝት ተገልብጦ የተገኘ ይመስላል። ፈረንሳይ ብዙ ፓርቲ ያላት አገር በመሆኗ ይሆን? የአሜሪካ መራጭ በማስታወቂያ ብዛት ስለተሰላቸ ይሆን? ወይስ የመለኪያው ልዩነት ነው? እስካሁን የሚያሳምን መልስ አልቀረበም።

የአመለካከት ጥናት ትልቁን ፈተና የቀመሰው በ2015 ነው። ቀደም ባለው ዓመት “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ ግብረ ሰዶማዊ ቀስቃሽ ያደረገው አጭር ውይይት ሰዎች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ያላቸውን አቋም ለወራት እንደቀየረ ተናግሮ ነበር። ብሩክማንና ካላ ሥራውን ለመድገም ሲነሡ ቁጥሮቹ ሊታመኑ እንደማይችሉ አዩ፤ ከፒተር አሮናው ጋር ሆነው ያገኙትን አሳወቁ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበረው ዶናልድ ግሪን ጽሑፉ እንዲሰረዝ ራሱ ጠየቀ። መጽሔቱም ለተጠያቂዎች ስለተሰጠ ክፍያና ስለ ገንዘብ ምንጭ የቀረበው መረጃ ሐሰት እንደነበር፣ ጥሬ መረጃውም ሊቀርብ እንዳልቻለ ገልጾ ሰረዘው።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሐሰቱን ካጋለጡት መካከል ብሩክማንና ካላ የራሳቸውን ሙከራ በማያሚ አካሄዱ። 56 ቀስቃሾች 501 መራጮችን አነጋገሩ፤ ለከፊሎቹ ርእሱ ፆታቸውን የለወጡ ሰዎች መብት ነበር፣ ለቀሩት ግን ከዚህ ጋር የማይገናኝ ጉዳይ። ቀስቃሹ አይሰብክም፣ አኀዝም አይደረድርም። መራጩ ራሱ ከሌላው ተለይቶ በመታየቱ የተናቀበትን ጊዜ እንዲያስታውስና እንዲናገር ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ያ ስሜት ከጉዳዩ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አብረው ያወራሉ። ንግግሩ 10 ደቂቃ ያህል ነበር። በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት ያመጣው ለውጥ ከሦስት ወር በኋላም አልጠፋም። ስለዚህ ሐሳብ አይለወጥም ማለት ስሕተት ነው። በምርጫ ሰሞን በችኮላ የሚደረግ ቅስቀሳና ሰውን አዳምጦ የሚደረግ ውይይት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

በአመለካከት ውስጥም መለየት ያለበት ነገር አለ። ቤትሲ ሌቪ ፓላክ በሩዋንዳ የዕርቅ ይዘት ያለው የሬዲዮ ድራማን ለአንድ ዓመት በዕጣ ለተመረጡ ማኅበረሰቦች አስደምጣ፣ ሌሎቹ የጤና ድራማ እንዲሰሙ አደረገች። የዕርቁን ድራማ የሰሙት የግል እምነታቸው እምብዛም አልተለወጠም። ማኅበረሰቡ ምን ይጠብቅብኛል በሚለው ግንዛቤያቸውና በድርጊታቸው ግን ለውጥ ታየ። በመጨረሻው ቀን ለቡድኑ ሬዲዮ፣ ባትሪና ካሴቶች ሲሰጡ፣ የጤናውን የሰሙት ዕቃው በመንደሩ ኃላፊ እጅ እንዲሆን ሲስማሙ፣ የዕርቁን የሰሙት በጋራ እንዴት እንደሚይዙት መከራከር ጀመሩ። “አመለካከት ተለወጠ” ሲባል የትኛው እንደተለወጠ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ

የአፍሪካው ጅማሮ ከማንም በላይ ደፋር ነበር። ቤኒናዊው ሌናርድ ዋንቼኮን በአገሩ በ2001 በተካሄደው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ እውነተኛ ፓርቲዎችን አግባብቶ በዕጣ በተመረጡ መንደሮች የቅስቀሳቸውን ይዘት እንዲለዩ አደረገ። በአንዱ መንደር የሚነገረው ለአካባቢው ሰው የሚደርሰው ጥቅምና የጎጥ ውለታ ብቻ ነው፤ በሌላው ደግሞ አገር አቀፍ ፖሊሲ ብቻ። በአብዛኛው የጥቅም ተስፋው አሸነፈ፤ ሴቶች ግን ከወንዶች ይልቅ ለፖሊሲው ጆሮ ሰጡ።

የጋና ሙከራ ለታዛቢዎች ትምህርት ነው። በ2008 የመራጮች ምዝገባ ላይ ታዛቢዎች በዕጣ ሲመደቡ፣ በሄዱበት ጣቢያ ማጭበርበር ቀነሰ፤ ከፊሉ ግን በአቅራቢያው ወዳሉ ታዛቢ አልባ ጣቢያዎች ተሻገረ። የተመደበበትን ቦታ ብቻ የሚያይ ጥናት ይህን ሽግሽግ ባላየ ነበር። በኬንያ በ2013 የምርጫ ኮሚሽኑ ለ2 ሚሊዮን ገደማ ዜጎች የስልክ መልእክት ላከ። ተሳትፎ ጨመረ፤ ኮሚሽኑ ቃል የገባው የኤሌክትሮኒክስ አሠራር በምርጫው ቀን ሲበላሽ ግን መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች በተቋሙ ላይ ያላቸው እምነት ካልደረሳቸው ይልቅ ወረደ።

በጣም የተነገረለት ጥያቄ የመረጃና የተጠያቂነት ግንኙነት ነው፤ ሕዝቡ የተመራጩን ጥፋት ቢያውቅ ይቀጣዋል? በብራዚል መንግሥት የሚመረምራቸውን ከተሞች በዕጣ በመለየቱ፣ ከ2004 ምርጫ በፊት ሙስናቸው የተጋለጠባቸው ከንቲባዎች መመረጣቸው ቀነሰ፤ የአካባቢ ሬዲዮ ባለበት ደግሞ ይበልጥ። በሜክሲኮ ግን የሙስና መረጃ በወረቀት ሲበተን የሥልጣን ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የተቃዋሚውንም ድምፅ ቀንሶ ሰውን ከምርጫ አራቀ። ይህን ቅራኔ ለመፍታት በቤኒን፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በብራዚል፣ በሜክሲኮ፣ በኡጋንዳና በሕንድ ሰባት ጥናቶች ዕቅዳቸውን አስቀድመው አስመዝግበው በጋራ መለኪያ ተነሡ። የሕንዱ ሳይካሄድ ቀረ። በ2019 የታተመው የስድስቱ ድምር ውጤት መረጃው በአማካይ የመራጩን ምርጫ እንዳልለወጠ አሳየ። ተመራማሪ በግሉ ሲሠራ የሚያስደስት ውጤት ማሳተም እንደሚቀናው፣ ዕቅዱ ሲመዘገብ ግን ባዶ ውጤትም እንደሚታተም ይህ ሥራ አሳይቷል። በእኔ ግምት ከግኝቱ የሚበልጠው አሠራሩ ነው። ይህ ባዶ ውጤት ከብራዚሉ የሬዲዮ ውጤት ጋር የሚታረቅበት አንዱ መንገድ መረጃ ኃይል የሚያገኘው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ሰውም ሌላው እንደሰማ ሲያውቅ ነው የሚለው ነው፤ ይህ ግን ገና መላ ምት ነው።

በአሜሪካ ያለው ዓይነት የመራጮች መዝገብ ለተመራማሪ ክፍት ባልሆነበት አገር ሥራው ይከብዳል። ኢትዮጵያን ጭምር በሚያካትቱ እንደ አፍሮባሮሜትር ባሉ የመጠይቅ ጥናቶች ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ይታወቃል፤ ሐሳቡን ምን እንደሚለውጠው ግን አይታወቅም።

ሙከራው ምርጫውን ቢለውጥስ?

በ2014 የስታንፎርድና የዳርትመዝ ተመራማሪዎች ለ100,000 ያህል የሞንታና መራጮች የግዛቲቱን ማኅተም የያዘ ወረቀት ላኩ። ወረቀቱ በሕግ ከፓርቲ ነጻ ለሆነው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫ የቀረቡትን ዕጩ ዳኞች በባራክ ኦባማና በሚት ሮምኒ መካከል በተዘረጋ የፖለቲካ መስመር ላይ አስቀመጣቸው። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች የይቅርታ ደብዳቤ ለመራጮቹ ላኩ፤ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪም ሕግ ተጥሷል አለ። በ2020 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር መመሪያ አጸደቀ፤ በፖለቲካ ሂደት ላይ የሚደረግ ጣልቃ ገብነትም በውስጡ ተነሥቷል።

የሕክምና ተመራማሪ ከታማሚው ፈቃድ ይጠይቃል። በምርጫ ሙከራ ግን ፈቃድ የሰጠው ሰው ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ውጤቱ ቢገለበጥ የማይመለከተው ዜጋ የለም፤ ያንን ፈቃድ በሁሉም ስም የሚሰጥ ደግሞ የለም። አንዳንዶች ፓርቲዎች ራሳቸው በየቀኑ የሚያደርጉትን ተመራማሪ ቢያደርገው ምን ነውር አለው ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ፓርቲው ያንን ሲያደርግ በስሙ ቆሞ ነው፣ መራጩም ሊቀጣው ይችላል። ተመራማሪው ግን መራጩ ፊት አይቀርብም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ነገር ሳይሠራ መጀመር የለበትም፤ የሚልከው መልእክት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ስንት ድምፅ እንደሚያንቀሳቅስ አስቀድሞ ማስላትና ቁጥሩን በዚያ ምርጫ ከሚጠበቀው የድምፅ ልዩነት ጋር ማወዳደር። ልዩነቱን የሚጠጋ ከሆነ ሙከራው በዚያ ምርጫ መደረግ የለበትም።